የደንበኛ ሰነድና የእኛ ኮምፒውተሮች፦ ከጎንደር የጽሕፈት ቤት የልምድ ማካፈያ

ፒያሳ አካባቢ በሚገኘው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤታችን ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች፣ ከአንዱ በቀር፣ ዛሬ ሁሉም በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ይሠራሉ። ይህን ማስታወሻ የማካፍለው በከተማው መሀል፣ በማራኪና በአዘዞ ተመሳሳይ ሥራ ለምትሠሩ ባልደረቦቼ ነው። ለውጡን ምን እንዳስጀመረን፣ የት ላይ እንደጠቀመን፣ የት ላይ ደግሞ እስካሁን እንዳልተሳካልን እጽፋለሁ።

ነገሩን ያስጀመረው ፋይዳ ነው። እንደምታውቁት ደንበኛው መታወቂያውን በቴሌግራም ይልክልናል፣ እኛም አውርደን፣ በቀለም አትመንና ላሚኔት አድርገን እንሰጠዋለን፣ እሱም ከፍሎ ይሄዳል፤ ፋይሉ ግን እኛው ዘንድ ይቀራል። ዳውንሎድስ የሚለውን ፎልደር የከፈተ ማንኛውም ሰው፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የመታወቂያ ቁጥር ተደርድሮ ያገኘዋል፤ ከዚያው ጎን የፓስፖርት ስካን፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታና የሐኪም ወረቀት አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሌላውን ሰው መረጃ የሚይዝ ወገን ኃላፊነት እንዳለበት በሕግ ተደንግጓል። በእኔ እምነት ግን አዋጁ ባይኖርም ጉዳዩ ያው ነው፤ አንዲት እናት የልጇን የልደት የምስክር ወረቀት ስካን እንድናደርግላት ስትሰጠን ስካን እንድናደርግ እንጂ ቅጂውን እንድናስቀር አልፈቀደችልንም።

ሁሉንም በየማታው ጠራርጎ ማጥፋትም መፍትሔ አልሆነም። አንድ በዕድሜ የገፉ ደንበኛችን ማመልከቻቸው ታትሞ ሲሰጣቸው “ልጄ፣ ነገ አስተካክለህ አምጣ ቢሉኝ ከየት ታመጣዋለህ?” ሲሉ ጠየቁኝ። “አባባ፣ እንዲቀመጥ ከፈለጉ በስምዎ አስቀምጠዋለሁ፤ ካልፈለጉ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ” አልኳቸው። “እንግዲያስ ጉዳዬ እስኪያልቅ አቆየው፤ ሲያልቅ መጥቼ አስጠፋዋለሁ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን ደንበኛ “ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ?” ብለን መጠየቅ ልማዳችን ሆኗል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጽፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይቀመጥልን ይላሉ፤ መታወቂያ የሚያሳትሙት ደግሞ ይጥፋ ይላሉ። ይሁን እንጂ “አጠፋዋለሁ” ብሎ ቃል ለመግባት ኮምፒውተሩ በእርግጥ የሚታዘዘው ለእኛ መሆኑን ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ደግሞ በነበረን አሠራር በድፍረት መናገር አንችልም ነበር።

ምክንያቱ ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ የሚያስከፍት መሣሪያ ነው። በከተማችን የሚሸጠው ኮምፒውተር በአብዛኛው ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስ ይዞ ነው የሚመጣው። ክራኩን የሚጭነው ሰው መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፣ ከዚያም ማን እንደሠራው የማይታወቅ አነስተኛ ፕሮግራም የአስተዳዳሪ ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት እንዲሠራ ይፈቅዳል። ያ ፕሮግራም ዊንዶውሱን አክቲቬት ከማድረግ፣ ማለትም ፈቃድ ያለው አስመስሎ ከመክፈት ሌላ ምን እንደሚሠራ ጫኚውም ተጠቃሚውም አያውቁም። ብዙ ጊዜ አክቲቬሽኑ እንዳይበላሽ ተብሎ አፕዴትም አብሮ ይዘጋል። የዚህ አደጋ መጠን ግልጽ የሆነው እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ፋይሎችን እየቆለፈ ገንዘብ በጠየቀበት ዕለት ነው። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ወር ነበር፤ ስለዚህ ክፉኛ የተጎዱት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው። በዚህ ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ በእኛ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ በሥርዓቱ አይጫንም። ገና የሚሠራ ኮምፒውተር ለዚህ ተብሎ መጣሉ አልተዋጠልኝም።

ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው አስተሳሰብ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ነጻ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ለመሥራት ያለመውን የጂ.ኤን.ዩ. ፕሮጀክት ካስታወቀ ወዲህ የቆየ ነው። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ ማሠራት፣ ውስጡን ማጥናት፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈልና አሻሽሎ ማሰራጨት እንዲችል ይጠይቃል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በዚሁ መብት ላይ ቆሞ ነው ያደገው። ከአራቱ መብቶች ለእኛ ሥራ ይበልጥ የቀረበው ማካፈሉ ነው፤ በጎንደር አድባራት መጽሐፍ ተውሶ የገለበጠ ደብተራ ሌባ እንደማይባል ሁሉ፣ ሊኑክስን በፍላሽ ገልብጦ ለጎረቤት የሰጠም የማንንም መብት አልነካም። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ከተቋረጠ በኋላ በነበሩት ወራት የዚህን ዋጋ በደንብ አይተናል። ፈቃዱን በኢንተርኔት ካላረጋገጠ አልከፈትም የሚል ፕሮግራም በዚያ ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ የሰነድ መጻፊያው ሊብሬኦፊስና ኪዊክስ ግን አንድ ጊዜ ከተገለበጡ በኋላ ማንንም አይጠይቁም። በኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ስለሚቻል ለተማሪዎች በፍላሽ መስጠት ከቤታችን የዘወትር አገልግሎቶች አንዱ ሆኗል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች የመረጥነው ሊኑክስ ሚንትን ነው። እዚህ ላይ ለጀማሪዎች አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፦ የወረደውን ፋይል ሳያረጋግጡ አይጫኑ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የማውረጃው ማስፈንጠሪያ የኋላ በር (ሰርጎ ገብ በስውር የሚገባበት ክፍተት) ወደተገጠመለት ቅጂ እንዲመራ ተደርጎ ነበር። አዘጋጆቹ ከፋይሉ ጋር ኤስ.ኤች.ኤ.-256 የሚባል የማረጋገጫ ቁጥርና የዲጂታል ፊርማ ያወጣሉ። ቁጥሩ 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ከወረደው ፋይል ላይ አስልቶ ያወጣው ከታተመው ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት። ድረ ገጹን የሰበረ ሰው ግን ቁጥሩንም መቀየር ስለሚችል ፊርማውንም ማረጋገጥ ይገባል። የተጻፈበት ምንጭ ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ሁሉ በራሱ አስተማማኝ ነው ብዬ አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስ.ዜድ. በተባለው የፋይል ማጨቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር ተገኝቷል፤ የቀበረውም ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በቅንነት የሚያግዝ መስሎ የአዘጋጆቹን አመኔታ ያተረፈ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ፍንጩ ወደ ኮምፒውተሩ ከርቀት ሲገባ የታየው የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነበር። የፕሮግራሙ ምንጭ ክፍት ባይሆን ኖሮ ያንን መዘግየት ተከትሎ እስከ ሥሩ የመመርመር ዕድሉ እጅግ የጠበበ ይሆን ነበር።

ወደ ቤታችን አደረጃጀት ልመለስ። ሊኑክስ ሚንት ሲጫን ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የማመስጠር ምርጫ ያቀርባል፤ እኛም በሁሉም ላይ ተቀብለነዋል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ቢሰረቅ ወይም ዲስኩ ተፈትቶ ቢወሰድ ያለ ይለፍ ቃሉ የሚነበብ ነገር አይገኝበትም። ቀጥሎ በመግቢያ መስኮቱ ቅንብር ውስጥ የእንግዳ መግቢያ የሚለውን ከፈትን። ደንበኛው ኢሜይሉን ሊከፍት ወይም ቅጽ ሊሞላ ሲቀመጥ በእንግዳ መግቢያ ይገባል፤ የሚያወርደው ሁሉ የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በሚሞሪው ላይ በተዘጋጀ ጊዜያዊ ቦታ ስለሆነ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል። ሚሞሪው ሲሞላ የተወሰነው ክፍል ወደ ዲስክ ሊሻገር ይችላል፤ ዲስኩ ከተመሰጠረ ግን ይህም አያሳስብም። ደንበኛው ኢሜይሉን ሳይዘጋ ቢሄድ እንኳ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ባዶ ብራውዘር ነው የሚያገኘው። ይቀመጥልን የተባለው ሰነድ በሠራተኛው መግቢያ ሥር በባለቤቱ ስም ይቀመጣል።

የፍላሽ ቫይረስ ጉዳይ የሁላችንም ራስ ምታት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ሾርትከት ቫይረስ የምንለው የደንበኛውን ፎልደሮች ይደብቅና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶችን ያስቀምጣል፤ ደንበኛው ፎልደሬ ነው ብሎ ሲጫነው ቫይረሱን ያስነሳል። ያንኑ ፍላሽ በሊኑክስ ላይ ስንሰካው ሾርትከቶቹ የማይሠሩ ተራ ፋይሎች ሆነው ይታያሉ፣ በዊንዶውስ ተሰውረው የነበሩት ፎልደሮችም ወለል ብለው ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ሁሉም ፋይል ስም አልባ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ተከቶ ይገኛል። ፈዘዝ ብላ የመጣች ተማሪ ጠፋብኝ ያለችው ምዕራፍ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ስታይ የሚሰማት እፎይታ ለእኛም ደስታ ነው። እኛ ሰነዶቹን ብቻ ለይተን እንገለብጣለን፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ፍላሹን ፎርማት እናደርጋለን፣ ከዚያም ሰነዶቹን መልሰን እንጭናለን። ሳይጠየቅ ፎርማት የሚደረግ ፍላሽ በቤታችን የለም።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው የአማርኛ ሰነድ ነው። ለመጻፍ አልተቸገርንም፤ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ድምፁን እየተከተሉ ማስገባት የለመደ ጸሐፊ በሊኑክስም ያንኑ ስልት ያገኛል፣ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ነጻ ቅርጸ ፊደሎችም ጥርት ብለው ይታተማሉ። ጭንቁ ያለው በአሮጌዎቹ ፋይሎች ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው፣ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ 3.0 እትም ውስጥ ከመካተቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ተክለው ያሳዩ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በዚሁ መንገድ ሲጻፍ ቆይቷል። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ያ ቅርጸ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድርድር ብቻ ይሆናል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብና የማኅበር ቃለ ጉባኤ በዚህ መልክ ተቀምጦ አግኝተናል፤ ሰነዱ የማኅበርተኛው ነው፣ የሚነበብበት ቁልፍ ግን በሌላ እጅ ነው ያለው። ስለ ተጠቃሚ ምርጫ ስናወራ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ይህንን ነው፤ ጽሑፋችንን ይዘን ወደ ሌላ ፕሮግራም መሄድ ካልቻልን መርጠናል ለማለት ይከብዳል። አሁን የሚቀመጠውን ሁሉ በዩኒኮድ እንጽፋለን፣ አንዱን ቅጂም ኦ.ዲ.ኤፍ. በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ የሰነድ ቅርጸት እናስቀምጣለን።

ያልተሳኩትንም ልንገራችሁ። በዎርድ የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ በሊብሬኦፊስ ሲከፈት፣ ቅርጸ ፊደሉ ከሌለ የመስመር ርዝመቱ ይለወጥና የገጽ ቁጥሩና ማውጫው ይዛባል፤ ስለዚህ ለኅትመት ብቻ የሚመጣውን በፒ.ዲ.ኤፍ. አምጡልን እንላለን። አንዱ ማተሚያችን ያለ ዊንዶውስ አልሠራ ብሏል። የሒሳብ ሥራ የሚሠራው ባልደረባችን ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፣ ይህም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ሳይለወጥ የቀረው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው፤ የደንበኛ መታወቂያ ግን በእሱ ላይ አይከፈትም።

ቴሌግራምን በተመለከተ ብዙ ሰው ሚስጥራዊ ነው ብሎ ያምናል። መደበኛው የቴሌግራም መልእክት ግን ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም፤ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። ጫፍ ለጫፍ የሚመሰጠረው ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱም ለግሩፕ አይሠራም። ከኮምፒውተራችን ያጠፋነው ፋይዳ በቴሌግራም አካውንታችን ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ለደንበኛው የገባነው ቃል ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በሱቁ አካውንት ላይ መልእክት ከአንድ ቀን በኋላ ራሱ እንዲጠፋ አድርገናል፤ ስልኩን ይዞ ለመጣ ደንበኛ ደግሞ ኬብል እናቀርብለታለን። ሌላ ቦታ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ከፍተው ለሚያውቁ ደንበኞች ቅንብር ውስጥ ገብተው ዲቫይስስ የሚለውን እንዲያዩና የማያውቁትን መሣሪያ እንዲያስወጡ እናሳያቸዋለን፤ በዚያውም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ይከፍታሉ።

የሱቁን የይለፍ ቃሎች የያዝነው ኪፓስኤክስሲ በተባለ የይለፍ ቃል መያዣ ፕሮግራም ነው፤ ሁሉም በአንድ የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጡ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዋናውን የይለፍ ቃል በዘፈቀደ ከተመረጡ ብዙ የአማርኛ ቃላት አቀናብረን በላቲን ፊደል ነው የምንጽፈው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የዲስኩ ቁልፍ የሚጠየቅበት መስኮት የግዕዝ ፊደል ስለማይጽፍ ይህን ልብ በሉ።

የሚቀጥለው ሥራችን በአሮጌ ቅርጸ ፊደል የተጻፉትን የዕድርና የማኅበር ሰነዶች በባለቤቶቹ ፈቃድ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ከእናንተ መካከል የመለወጫ ሠንጠረዥ ያዘጋጀ ካለ ወይም ግትር ማተሚያ በሊኑክስ ያሠራ ካለ አሠራሩን ቢያካፍለን እንቀበላለን። ሊኑክስ ሚንትን መሞከር የምትፈልጉም 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ይዛችሁ ብትመጡ እንገለብጥላችኋለን፤ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ብቻ ማስነሳት ስለሚቻል ማተሚያችሁና ዋይፋያችሁ መሥራታቸውን አስቀድማችሁ ፈትኑ፣ ዲስኩን ከመንካታችሁ በፊትም የሰነዶቻችሁን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።