ሲቢሲው ላይ ሦስቱም ሲወርዱ፦ አፕላስቲክ አኒሚያ በልጆች

ድሬዳዋ ውስጥ ልጅ አተኩሶት ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) ወርዶ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰቡት ደንጊና ወባ ናቸው፤ መታሰባቸውም ልክ ነው። ደንጊ ያወረደው ፕሌትሌት ግን ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ተደግሞ ሄሞግሎቢኑም፣ ነጭ የደም ሴሉም፣ ፕሌትሌቱም እንደወረዱ ከሆነ መቅኔውን መጠርጠር ነው። ነስሩ አልቆም ካለ ወይም ቆዳው ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ከወጣ ግን ያው ቀን ሆስፒታል ነው።

አፕላስቲክ አኒሚያ የያዘው ልጅ መቅኔ ደም መሥራቱን ትቶ በስብ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ መቅኔውን የሚያጠቁት የልጁ የራሱ መከላከያ ሴሎች ናቸው። ብረት ስላልጎደለው የአይረን ሽሮፕ አይረዳውም፤ ጭራሽ የሚሰጠው አንድ ከረጢት ቀይ ደም ብቻውን 200 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይዞ ይገባል።

ጣፊያው ካበጠ ወይም ንፍፊት ካወጣ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) እና ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ይቅደሙ። መቅኔው ሳይመረመር ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ መድኃኒት) መጀመር ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሉኪሚያ ከሆነ ለጊዜው ይደብቀዋል። ምርመራው ከዳሌ አጥንት ጀርባ ይወሰዳል፤ በመርፌ የተመጠጠው ፈሳሽ ብቻውን ስለማይበቃ ቁራጭ አጥንትም ያስፈልጋል። መቅኔው ከ25 በመቶ በታች ሴል ኖሮት፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ኒውትሮፊል (ባክቴሪያ የሚዋጋው ነጭ ሴል) ከ500 በታች፣ ፕሌትሌት ከ20,000 በታች፣ ሪቲኩሎሳይትም (ገና የተሠራ ቀይ ሴል) በጣም ዝቅ ያለ ከሚሉት ሦስቱ ሁለቱ ከተገኙ በሽታው ከባድ ነው። ልጁ አጭር ከሆነ፣ አውራ ጣቱ ሲፈጠር የተበላሸ ወይም ቆዳው ላይ ቡናማ ምልክት ያለው ከሆነ ፋንኮኒ አኒሚያ (በዘር የሚመጣ የመቅኔ ድክመት) ይመርመር፤ ሕክምናው ሌላ ነው።

ለከባዱ የመጀመሪያው ምርጫ የቲሹ ዓይነቱ ከሚገጥም ወንድም ወይም እህት የሚደረግ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው፤ እያንዳንዱ የእናት የአባት ልጅ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ካልተገኘ ኤቲጂ ከሳይክሎስፖሪን ጋር (ሁለቱም መቅኔውን የሚያጠቁትን መከላከያ ሴሎች የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ናቸው) ይሰጣል፤ ለውጡ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ስለሆነ በወሩ ተስፋ ቆርጦ ማቋረጥ አይገባም። ሳይክሎስፖሪን ኩላሊትና የደም ግፊት ይነካል፤ ከፋርማሲ ኤሪትሮማይሲን ወይም ፍሉኮናዞል ጨምሮ መስጠት መጠኑን ደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል።

ደም ሲያስፈልግ አባትና ወንድም ተሯሩጠው «የኔን ውሰዱ» ማለታቸው ያለ ነው። ይለግሱ፣ ግን ለሌላ በሽተኛ ይሁን። የቤተሰብ ደም ለዚህ ልጅ ከተሰጠ ሰውነቱ የዘመዱን ሴል ጠላት አድርጎ ይለምድና በኋላ የተተከለውን መቅኔ ላይቀበለው ይችላል።

ቤት ውስጥ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ የለም። ያልፈላ የግመል ወተትም፣ ጥሬ ሥጋም ይቅር። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ አይሆንም፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሄዶ «ኒውትሮፊሉ ዝቅተኛ ነው» ማለት ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።