አጎቴን እባብ የነደፋቸው ማታ

ከአዳማ ወደ ወንጂ ስትወርዱ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ታገኛላችሁ። አጎቴ እዚያ ቦይ ሊከፍቱ በኮንጎ ጫማ ገብተው ነበር። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጩኸታቸውን ሰማሁ። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። እባቡን በደንብ ያየው የለም፤ አንዳንዱ ግን "እፉኝት ነው" አለ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ገመድ፣ ሌላው ምላጭ ይዞ መጣ። "እሰርላቸው! ብጣላቸው!" እኔም በድንጋጤ ከጉልበታቸው በታች ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ጠባቂ የመሰለኝ ገመድ ደም ከልክሎ ሥጋ ይገድላል። ምላጩን ግን አስጣልኩ። መርዙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ የተበጣው ቦታ መድማቱን አያቆምም።

አጎቴ "እስከ አስፋልቱ በእግሬ ልሂድ" አሉ። እምቢ አልኳቸው። እግር ሲንቀሳቀስ ጡንቻው መርዙን ይገፋዋል። ጫማቸውን አወለቅኩ። እግራቸውን እንደተሰበረ ሰው በሁለት ደረቅ አገዳ መሐል አድርጌ፣ ጣት እስኪያስገባ አላልቼ፣ በነጠላ ጠመጠምኩት። የእብጠቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ አሰመርኩ፤ ሰዓቱንም ከጎኑ ጻፍኩ። ለአራት ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸው።

መጀመሪያ የደረስንበት ቦታ የመርዝ ማርከሻ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። ችላ መባል ምን ማለት እንደሆነ እዚያ በር ላይ ገባኝ። ቀድሜ ስልክ ብደውል ኖሮ በቀጥታ ወዳለበት እንሄድ ነበር። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ጋ ነርሷ ገመዱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ግን ባንዴ አልፈታችውም። በድንገት ከተፈታ የታገደው መርዝ በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ይለቀቃል። ግሉኮስ ተክላ፣ ሐኪሙ አጠገቧ ቆሞ፣ ቀስ እያለች አላላችው። ከዚያ ደም ቀድተው በንጹሕ የመስታወት ቱቦ ውስጥ 20 ደቂቃ ሳይነኩ አቆዩት። አልረጋም። ማርከሻውን በደም ሥር የጀመሩላቸው ይሄኔ ነው። አለርጂ ቢነሳ ብለው አድሬናሊን አዘጋጅተው ነበር። ከስድስት ሰዓታት በኋላ የቱቦውን ምርመራ ሲደግሙት ደሙ ረጋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ገመዱ ያረፈበት ቆዳ ግን ቆሰለ። ከንክሻው ይልቅ እሱ ለመዳን ብዙ ጊዜ ፈጀ።

አሁን አጎቴ ቦቲና ባትሪ ሳይዙ ማሳ አይገቡም። እኔ ደግሞ በየሦስት ወሩ ወደ ጤና ተቋማቱ እደውላለሁ፤ ማርከሻው አለ ወይ ብዬ። አንዳንዴ አልቋል ይሉኛል፤ ያኔ የት እንዳለ ጠይቄ ለሰፈሩ ሰው እነግራለሁ።