በሜቲሊን ብሉ ብቻ የተፈተነ ናኖ ቅንጣት ለፋብሪካ ፍሳሽ አይበቃም

ከአቃቂ እስከ ገላን ባሉት ፋብሪካዎች የማቅለሚያ ፍሳሽ ላይ ለመሥራት ያሰባችሁ ተማሪዎች፣ ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ብታነቡ እወዳለሁ። ቀለምን በናኖ ቅንጣት (በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ስለማስወገድ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ማቅለሚያ በተጣራ ውሃ በጥብጠው «99 በመቶ ቀለም ተወገደ» ይላሉ። ጥጥ የሚቀለመው ግን በአብዛኛው በሪአክቲቭ ማቅለሚያ (ከጥጡ ጋር በኬሚካል በሚጣበቅ ቀለም) ነው። ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ ሪአክቲቭ ማቅለሚያ ደግሞ ኔጋቲቭ። አንዱን የያዘ ቅንጣት ሌላውን ሊገፋ ይችላል።

ለመጀመሪያ ሙከራ ማግኔታይትን (ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፣ በማግኔትም ከውሃ ይለያል። ውሃ አፍልታችሁ ከድናችሁ አቀዝቅዙ፤ የሟሟው ኦክስጅን ይቀንሳል። በዚህ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5.4 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬትና 2 ግራም ፌረስ ክሎራይድ ቴትራሃይድሬት አሟሙ። ይህ የ2 ለ1 የሞል ምጥጥን ነው። ወደ 80 ዲግሪ አሙቁ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከዚያ ብዙ አትለፉ። በኃይል እያማሰላችሁ 25 በመቶ አሞኒያ በጠብታ ጨምሩ፤ ፒኤች ከ9 በላይ እስኪሆን ወደ 15 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። አሞኒያው ይተናልና የጭስ መሳቢያ ከሌለ አትሞክሩት። ወዲያው ጥቁር ይሆናል። ሠላሳ ደቂቃ ካማሰላችሁ በኋላ በማግኔት እየያዛችሁ የማጠቢያው ውሃ ገለልተኛ እስኪሆን እጠቡት። ምንም ካልባከነ 2.3 ግራም ይወጣል።

በማግኔቲክ ስቲረር አታማስሉ። ቅንጣቱ በሙሉ ማማሰያዋ ላይ ይለጠፋል። ከላይ የሚገባ ባለሞተር ማማሰያ ያስፈልጋል፤ አሞኒያው ሲጨመር መብራት ቢጠፋ መጠናቸው የተዘበራረቀ ቅንጣቶች ይወጣሉ፣ ያኔ እንደገና መጀመር ይሻላል። ከጥቁር ይልቅ ቡናማ ከወጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የፌረስ ክሎራይዱ ነው። ፈዛዛ አረንጓዴ መሆን ሲገባው ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ የዞረ ጨው አየር አግኝቶት ወደ ፌሪክ ተለውጧል፤ ምጥጥኑም ፈርሷል። ደግሞ ቅንጣቱን አታድርቁት። ሲደርቅ ይጓጉላል፣ ገጹም ይቀንሳል። ውሃ ውስጥ እንዳለ ከድናችሁ አስቀምጡት፤ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ወስዳችሁ፣ አድርቃችሁ በመመዘን ክምችቱን እወቁ።

ወደ ፍሳሹ ስንመጣ ዋናው ነገር ፒኤች ነው። የማግኔታይት ገጽ ቻርጁ ዜሮ የሚሆነው ወደ 7 ግድም ሲሆን፣ ከዚያ በታች ፖዘቲቭ፣ በላይ ኔጋቲቭ ነው። የሪአክቲቭ ማቅለሚያ ፍሳሽ ደግሞ በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ምክንያት ፒኤቹ ከ10 በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ኔጋቲቭ ሆነው ይገፋፋሉ። ስለዚህ በሰልፈሪክ አሲድ ወደ 4 ወይም 5 አውርዱት። ከ3 በታች ብረቱ ራሱ ይሟሟል። አሲዱ ካርቦኔቱን ሲያገኝ ፍሳሹ በኃይል አረፋ ይደፍቃል፤ ዕቃውን ግማሽ ብቻ ሙሉ፣ አሲዱንም በጥቂቱ አፍስሱ። ፍሳሹ እንደሚነከረው ጨርቅ በየሰዓቱ ስለሚለያይ፣ ናሙና በየሰዓቱ ወስዳችሁ አንድ ላይ ቀላቅሉት።

50 ሚሊ ሊትር ፍሳሽ ላይ 0.05 ግራም ቅንጣት ጨምሩ፤ በ5፣ 10፣ 20፣ 30፣ 60 እና 120 ደቂቃ ላይ ናሙና ውሰዱ። ቅንጣት ያልገባበት ማነጻጸሪያም አብሮ ይኑር። ወረቀት ማጣሪያ አትጠቀሙ፤ ወረቀቱ ራሱ ቀለም ይመጥጣል፣ ደቃቁ ቅንጣትም አልፎ ብርሃን ይበትንና ንባቡን ያዛባል። በማግኔት ወይም በሴንትሪፊውጅ ለዩት። የስፔክትሮፎቶሜትሩን (የቀለሙን መጠን በሚውጠው ብርሃን የሚለካውን መሣሪያ) መለኪያ መስመር በዚያው ፒኤች ሥሩ። ለምሳሌ ኮንጎ ሬድ የተባለው ቀይ ማቅለሚያ በጠንካራ አሲድ ወደ ሰማያዊ ስለሚዞር፣ 497 ናኖሜትር ላይ ብቻ ያየ ሰው ሳይወገድ የተወገደ ይመስለዋል። ቀለሙ ጠፋ ማለትም ኦርጋኒክ ጭነቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሲኦዲውንም (ኦርጋኒክ ጭነቱን ለመሰባበር የሚያስፈልገውን የኦክስጅን መጠን) ለኩ።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። 0.05 ግራም በ50 ሚሊ ሊትር ማለት በሊትር አንድ ግራም ቅንጣት ነው፤ ቀለሙ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ወደ 5 ቢወርድ፣ አንድ ግራም ቅንጣት 45 ሚሊ ግራም ቀለም ያዘ። መልካም ውጤት ነው። በቀን 100 ሜትር ኪዩብ ለሚለቅ ፋብሪካ ግን በየቀኑ 100 ኪሎ ቅንጣት ማለት ነው። ስለዚህ ናኖ ቅንጣቱ የፍሳሹ የመጀመሪያ ማከሚያ ሊሆን አይችልም፤ ከባዮሎጂያዊ ማከሚያ በኋላ ለቀረው ቀለም ነው የሚሆነው፣ ያውም መልሶ መጠቀም ከተቻለ።

መልሶ ለመጠቀም ቅንጣቱን በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እጠቡት፤ ፒኤቹ ሲወጣ ቀለሙን ይለቃል። በየዙሩ የሚይዘው መጠን ይቀንሳልና ለእያንዳንዱ ዙር ቁጥሩን ጻፉ። ያ ማጠቢያ ውሃ በትንሽ መጠን የተሰበሰበ ያው ቀለም ነው። የትንሹና የትልቁ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፣ ዳርና ዳሩም ጎመንና ሰላጣ በወንዙ ውሃ ይለማል። ስለዚህ በምንም ምክንያት ወደ ቦይ አይደፋም፤ ተለይቶ በዕቃ ይቀመጣል፣ ወይም ፒኤቹ ወደ 3 ወርዶ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና በፌረስ ሰልፌት ይሰበራል። የጥናታችሁ ሐሳብ ይህን ማጠቢያ የት እንደምታደርሱት ካላካተተ፣ ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን ክፍል ጽፋችሁ ጨርሱ።