ከማላውቀው ሰው ጋር ሦስት ዘፈን

ከውድድሩ የተመለስኩት እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ጀርባዬ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቶ የዋለውን የተወዳዳሪ ቁጥር አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ፣ እግሬ እየጠዘጠዘኝ እንኳ እንቅልፍ ስላልመጣልኝ ይህን ማስታወሻ ጀመርኩ። በጃዝ ሙዚቃ በጥንድ የሚደነሰውን የስዊንግ ዳንስ፣ በተለይም ሊንዲ ሆፕ የሚባለውን፣ መማር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ለውድድር ስቆም ግን የዛሬው ሁለተኛዬ ነው። ባለፈው ጊዜ ለወራት አብሮኝ የተለማመደ ተጣማሪ ነበረኝ። ዛሬ የገባሁበት «ጃክ ኤንድ ጂል» የሚባለው ነው፤ ተወዳዳሪው ብቻውን ይመዘገባል፣ መሪዎች በአንድ ወገን ተከታዮች በሌላ ወገን ይሰለፋሉ፣ ከማን ጋር እንደሚደንሱ የሚታወቀው ሰልፉ ዞሮ ሲቆም ነው፣ የሚጫወተውንም ሙዚቃ አስቀድሞ የሚነግራቸው የለም።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ የገረማት ውድድሩ አልነበረም። «እንዲያው ልጄ፣ ከማታውቂው ሰው ጋር እንዴት ብለሽ ነው የምትጨፍሪው? አካሄዱን ሳታውቂ?» አለችኝ። ቪዲዮ ላክሁላት። በማግስቱ ስትደውል ድምጿ ተለውጦ ነበር፤ «ይኼማ እንደኛው ነው፤ ከትከሻ ወደ እግር ወረደ እንጂ መፈታተኑ ያው ነው» አለችኝ። በሠርግ ቤት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ትከሻውን ሰብቆ ሲያቆም ሌላው ተቀብሎ አብልጦ ሲመልስ፣ በዙሪያቸው ያለው ሰው ክብ ሠርቶ ሲያጨበጭብ ማየቷ ነው። እናቴ ይህ ዳንስ ስለተወለደበት የኒው ዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ስለ ሃርለም የምታውቀው ነገር የለም፤ ነገር ግን የዚህን ዳንስ ሥር እኔ በአራት ዓመት ከደረስኩበት ይልቅ እሷ በአንድ ቀን የበለጠ ቀርባዋለች።

ምክንያቱም ይህ ዳንስ የተወለደው በፉክክር ውስጥ ነው። ሌሎች ዳንሶች መጀመሪያ ኖረው ኋላ ውድድር ተደርጎላቸው ይሆናል፤ ሊንዲ ሆፕ ግን አብዛኛውን መልኩን ያገኘው ሰው ሰውን ለመብለጥ ሲጥር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1926 (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ሃርለም፣ በሌኖክስ ጎዳና፣ በ140ኛውና በ141ኛው መንገድ መካከል ሳቮይ የሚባል የዳንስ አዳራሽ ተከፈተ። ርዝመቱ ከአንዱ መንገድ እስከ ሌላው ይደርስ ነበር፤ ወለሉ ከሜፕል እንጨት የተሠራ ሆኖ ከእግር በታች ስፕሪንግ የሚል ነበር። ሁለት የሙዚቃ መድረኮች ስለነበሩት አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፤ ሙዚቃው አይቋረጥም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በዚያ የዘር መለያየት ዘመን ጥቁሩም ነጩም በአንድ ወለል ላይ መደነስ መቻሉ ነው፤ ሰውን የሚለየው ጥያቄ መደነስ ትችላለህ ወይ የሚለው ነበር።

ስያሜውን በተመለከተ የሚነገረው ታሪክ ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 ብቻውን ከኒው ዮርክ ፓሪስ ድረስ አትላንቲክን በአውሮፕላን ከመሻገሩ ጋር የተያያዘ ነው። በ1928 በሃርለም በተደረገ የረጅም ሰዓታት የዳንስ ውድድር ላይ ጆርጅ ስኖውደን የሚባለው፣ በቁመቱ ማጠር «ሾርቲ» የተባለው ደናሽ፣ ከተጣማሪው እጅ ተላቅቆ የራሱን እርምጃ ሲጨምር ምን እያደረገ እንደሆነ ተጠይቆ «ሊንዲ» ብሎ መለሰ ይባላል። ለእኔ ከስሙ ይልቅ የሚበልጥብኝ ያ መላቀቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ ተቃቅፈው ነበር የሚደንሱት፤ ከዚያ በኋላ በስምንት የሙዚቃ ምት ቆጠራ ውስጥ ተለያይተው፣ እያንዳንዱ የራሱን ነገር ተናግሮ፣ ሙዚቃው ሳይቀድማቸው ተመልሰው ይገናኛሉ። ዛሬ «ስዊንግ አውት» የምንለውና ሁሉም ጀማሪ ወራት የሚፈጅበት እንቅስቃሴ ይኸው ነው።

በሳቮይ አዳራሽ ጎበዞች ብቻ የሚደንሱበት ማዕዘን ነበር። እዚያ የሚገባ ሰው የሚያሳየው አዲስ ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ማንም በይፋ አይከለክለውም፣ ግን ሁሉም ያየዋል። ፍራንኪ ማኒንግ የሚባለው ወጣት ያደገው በዚህ ዓይን ሥር ነው። በ1935 ከነሾርቲ ስኖውደን ቡድን ጋር ለመወዳደር ቀጠሮ ያዘ። ሾርቲ ዳንሱን የሚጨርስበት የታወቀ መንገድ ነበረው፤ ከእሱ በጣም የምትረዝመው ተጣማሪው ጀርባዋ ላይ አዝላው ከመድረክ ትወጣለች። ፍራንኪ ይህን አይቶ፣ አዝሎ ከመውጣት ይልቅ ተጣማሪው በጀርባው ላይ ተንከባልላ ፊት ለፊቱ ብታርፍና ዳንሱ ሳይቋረጥ ቢቀጥልስ ብሎ አሰበ። ከፍሪዳ ዋሺንግተን ጋር ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው ደጋግመው ተለማመዱት። በውድድሩ ሌሊት የቺክ ዌብ ባንድ ሲጫወት አደረጉት፤ እግሯ ወለሉን የነካው በትክክለኛው ምት ላይ ነበር። በመዝገብ የምናውቀው የመጀመሪያው የሊንዲ ሆፕ የአየር እርምጃ ያ ነው።

እዚህ ላይ ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር አለ። የአየር እርምጃን ዛሬ የሚያዩ ብዙ ሰዎች የሚደነቁት በከፍታው ነው። ፍራንኪ ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲያስተምር አጥብቆ የሚናገረው መወርወሩን ሳይሆን ከሙዚቃው ጋር ማረፉን ነበር። ማንም ጉልበት ያለው ሰው ሌላውን ሊያነሣ ይችላል፤ ባንዱ በሚመታበት ቅጽበት ማውረድ ግን ጆሮ ይጠይቃል። ውድድር ያን ጊዜ ያወጣው አዲስ ነገር የጡንቻ ሳይሆን የጆሮ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዓመት ሃርቨስት ሙን ቦል የሚባለው ትልቅ የዳንስ ውድድር በኒው ዮርክ ተጀመረ፤ ሊንዲ ሆፕ ከውድድሩ ዘርፎች አንዱ ሆነና ከሳቮይ የመጡት ወጣቶች በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ወለል ላይ ታዩ። ኸርበርት ዋይት የሚባለው ሰው ከእነዚሁ ጎበዞች ቡድን አቋቁሞ ወደ ቲያትርና ወደ ፊልም ወሰዳቸው። በ1941 በወጣው «ሄልዛፖፒን» ፊልም ውስጥ ያለችው አጭር ትርኢት ዛሬም ድረስ ተወዳዳሪዎች ሥልጠና ሲጀምሩ የሚያዩዋት ናት፤ ለእኔም አስተማሪዬ መጀመሪያ ያሳየችኝ እሷን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ወንዶቹ ዘመቱ፤ በ1944 የአሜሪካ መንግሥት ዳንስ በሚደረግባቸው ቤቶች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፣ ትልልቅ ባንዶችን ቀጥሮ ማኖር አስቸገረ፣ ሙዚቃውም ተለወጠ። ሳቮይ በ1958 ተዘጋ፣ ፈርሶም በቦታው የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩበት። ፍራንኪ ማኒንግ በፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሠራ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል፤ አንድ ሙሉ ጥበብ በእግሩ ውስጥ ይዞ በየማለዳው ደብዳቤ ሊለይ የሚሄድ ሰው በዓይኔ ይታየኛል። በ1986 ከካሊፎርኒያ የመጡ ሁለት ወጣት ደናሾች ፈልገው አገኙት፣ አስተምረን አሉት። በ1989 በኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር በብሮድዌይ ላይ ለሠራው የዳንስ ቅንብር ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ተቀበለ፤ ያን ጊዜ 75 ዓመቱ ነበር። ከዚያም በስዊድን ሄርንግ በምትባል መንደር በየሐምሌው በሚደረገው የዳንስ ጉባኤም ሆነ በብዙ አገሮች እየተዘዋወረ አስተምሮ በ2009 ዓረፈ። አብራው በወጣትነቷ ትደንስ የነበረችው ኖርማ ሚለር ደግሞ 99 ዓመቷ ድረስ ኖራ በ2019 ዓረፈች። ሳቮይ በነበረበት ቦታ ላይ በ2002 የመታሰቢያ ጽሑፍ ሲገለጥ ሁለቱም ተገኝተው ነበር።

እኔ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ከዋሺንግተን አጠገብ ነው። ከዚህ ዳንስ ጋር የተዋወቅሁት ግሌን ኤኮ በሚባለው ፓርክ ውስጥ፣ በ1933 በተሠራው «ስፓኒሽ ቦልሩም» አዳራሽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ ስለ ቦታው የማውቀው ነገር አልነበረም፤ መብራቱ፣ ሰፊው ወለል፣ እዚያው መድረክ ላይ የሚጫወት ባንድ የሚያወጣው ድምፅ ብቻ ነው የማረከኝ። ከወራት በኋላ ግን ታሪኩን አነበብኩ። ፓርኩ በ1960 ገና ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች ገብተው በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀመጡ፣ አንወርድም አሉ፣ አምስቱ ታሰሩ። የአካባቢው ነዋሪዎችም ከተማሪዎቹ ጋር ተሰልፈው በጋውን ሙሉ በር ላይ ቆሙ። በ1961 በሩ ለሁሉም ተከፈተ፤ በታሰሩት ላይ የተሰጠውንም ፍርድ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 ሻረው። የእንጨት ፈረሶቹ ዛሬም እዚያው ይሽከረከራሉ።

ጥቁሮች በሃርለም የፈጠሩት ዳንስ ጥቁሮች በማይገቡበት በዚህ አዳራሽ ለብዙ ዓመታት መደነሱን ካወቅሁ ወዲህ ወደዚያ ወለል ስወጣ መጀመሪያ እንደወጣሁት አልወጣም። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ነኝ፤ ያ ታሪክ የወላጆቼ አይደለም። ነገር ግን በቆዳዬ ምክንያት በዚያ ዘመን በሩ ላይ ይመልሱኝ እንደነበር ግልጽ ነው፣ በሩን የከፈቱልኝም እነዚያ ተማሪዎች ናቸው። የሙዚቃውም ነገር ቢሆን ከእኛ በጣም የራቀ አይደለም። ታላቁ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን የተወለደው በዚሁ ዋሺንግተን ነው፤ በወጣትነቱ ፒያኖ የተጫወተበት የዩ ስትሪት አካባቢ ዛሬ ሐበሾች ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩበት ሰፈር ነው። እሱም በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ሙዚቃውን አቅርቦ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ተቀብሏል።

ውድድር ዳንሱን ያበላሻል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሰው ለዳኛ ሲደንስ ተጣማሪውን ይረሳል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል ይላሉ። በቃል ተጠንቶ በሚቀርበው የትርኢት ውድድር ላይ ሐሳባቸው አንዳንድ ጊዜ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጃክ ኤንድ ጂል ላይ ግን ተቃራኒውን አይቻለሁ። በማጣሪያው ዳኞች መሪዎችንና ተከታዮችን ለየብቻ ነው የሚመለከቱት፤ የተጣማሪዬ ስሕተት እኔን አይጥለኝም፣ እንዴት እንደተቀበልኩት ግን ይታይብኛል። በፍጻሜው ደግሞ ጥንዶቹ እንደ አንድ ይታያሉ። እያንዳንዱ ዳኛ በነጥብ ፈንታ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ያወጣል፤ ከአምስት ዳኞች ሦስቱ አንደኛ ያሏቸው ጥንዶች አንድ ዳኛ መጨረሻ ቢያደርጋቸውም ያሸንፋሉ። ከ2008 ጀምሮ የሚካሄደውና ለብዙ ዓመታት በዚሁ በዋሺንግተን አካባቢ ይደረግ በነበረው ዓለም አቀፍ የሊንዲ ሆፕ ሻምፒዮና ላይ በተመልካችነት ስገኝ ያስተዋልኩት፣ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣው ለከባዱ እንቅስቃሴ ሳይሆን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር በሰሙበት ቅጽበት መሆኑን ነው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። የመጀመሪያው ተጣማሪዬ ወጣትና ፈጣን ነበር፤ ዘፈኑም ፈጣን ስለነበር እሱን ለመከተል ስሮጥ ሙዚቃውን ከጆሮዬ ጣልኩት፣ ሁለት ጊዜ ምት ሳትኩ። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ይህንኑ ለማካካስ ብዙ ነገር ላሳይ ሞከርኩና ተጣማሪዬን ሳልሰማው አለቀ። ሦስተኛው ሸበቶ አዛውንት ነበሩ፤ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ፈገግ ብለው ጎንበስ አሉ። ዘፈኑ ዝግ ያለ ብሉዝ ነበር። እጃቸው ምንም አይጎትትም፤ ክብደታቸውን ጥቂት ወደ ኋላ ሲያደርጉ ብቻ የት እንደምሄድ ይገባኛል፣ የራሴን ነገር ስጨምር ደግሞ ቆም ብለው ይጠብቁኛል። ዘፈኑ መሐል ላይ መለከቶቹ በድንገት ዝም አሉ። እኔም ቆምኩ፣ እሳቸውም ቆሙ፤ ማን ማንን እንዳቆመ አላውቅም። ከበሮው ሲመለስ አብረን ገባን። በአራት ዓመት ውስጥ ይህ የገጠመኝ ዛሬ ብቻ ነው።

ወደ ፍጻሜው የሚያልፉት ቁጥሮች ሲነበቡ የእኔ አልነበረም፣ የእሳቸው ነበር። ጫማዬን አውልቄ በወለሉ ዳር ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ተቀመጥኩ። ዕጣው ሲወጣ ለእሳቸው የደረሰቻቸው ከሃያ ዓመት የማትበልጥ ልጅ ናት፤ ወደ እሳቸው ስትሄድ እጇ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። አዛውንቱ አንድ ነገር በጆሮዋ ነገሯትና እጇን ያዙ። ባንዱ ጀመረ፣ ሌሎቹ ጥንዶች ወዲያውኑ ተንቀሳቀሱ። እነሱ ግን አንድ ሙሉ ስምንት ቆጠራ፣ ከዚያም ሌላ ስምንት፣ ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ሰሙ።