ያለ ላይብረሪ፦ ኤልሲዲን ከዳታሺቱ ተነሥቶ ማዘዝ

ባለ 2 መስመር፣ በየመስመሩ 16 ፊደል የሚያሳይ ኤልሲዲ ከአርዱዪኖ ኡኖ (ፕሮግራም ከሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ጋር አገናኝቼ ለረጅም ጊዜ ስጠቀም ቆይቻለሁ። ሥራውን የሚሠራልኝ ግን ዝግጁው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ኮድ ነበር፤ በስድስቱ ሽቦዎች ላይ ምን እየተላለፈ እንደሆነ ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ላይብረሪውን ትቼ፣ ማሳያውን የሚቆጣጠረውን የሂታቺን የኤችዲ44780 ቺፕ ዳታሺት (የአምራቹን ቴክኒካዊ ሰነድ) ብቻ ይዤ ማሳያውን ራሴ ለማዘዝ ወሰንኩ። ሰነዱ ወደ 60 ገጽ ይጠጋል። ገበያ ላይ ከሚገኙት ማሳያዎች ብዙዎቹ የሂታቺ ቺፕ ባይኖራቸውም የእርሱኑ ትእዛዞች የሚቀበሉ በመሆናቸው ንባቡ ለሁሉም ያገለግላል።

ሰነዱን እንደ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀምሬ ቶሎ ደከመኝ። በኋላ ወደ ትእዛዞቹ ሰንጠረዥ ዘልዬ ስሄድ ነገሩ ተገለጠልኝ። አርኤስ የተባለው ፒን (ሽቦ የሚገናኝበት እግር) 0 ሲሆን የሚላከው ትእዛዝ ነው፤ 1 ሲሆን ፊደል ነው። ኢ የተባለው ፒን ከ1 ወደ 0 በሚወርድበት ቅጽበት ቺፑ በዳታ ፒኖቹ ላይ ያለውን ያነባል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ምን፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚላክ ማወቅ ነው። መጀመሪያ መብራት ስሰጠው የላይኛው መስመር በጥቋቁር ሣጥኖች ተሞላ፤ ይህ የብልሽት ምልክት ሳይሆን ቺፑ ገና የማስጀመሪያ ትእዛዝ እንዳልደረሰው የሚያሳይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜዬን የወሰደው ይኸው የማስጀመሪያው ክፍል ነበር። ዳታሺቱ ኃይሉ 4.5 ቮልት ከደረሰ በኋላ ከ15 ሚሊሴኮንድ በላይ ጠብቁ፣ 0011 ላኩ፣ ከ4.1 ሚሊሴኮንድ በላይ ጠብቁ፣ እንደገና 0011 ላኩ፣ ከ100 ማይክሮሴኮንድ በላይ ጠብቁ፣ አሁንም 0011 ላኩ ይላል፤ በ8 ፈንታ በ4 የዳታ ሽቦ ለመሥራት ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ 0010 ይላካል። አንድን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ መድገሙ ትርፍ መስሎ ስለታየኝ ሁለቱን ብቻ ልኬ ሦስተኛውን ተውኩት። ማሳያው ሠራ። የአርዱዪኖውን ሪሴት ቁልፍ ስጫን ግን አንዳንድ ጊዜ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይደረደሩ ጀመር፤ ገመዱን ነቅዬ ስሰካው መልሶ ይስተካከላል።

ምክንያቱን ያገኘሁት በወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ ስጽፈው ነው። ሪሴት የሚነካው አርዱዪኖውን ብቻ ነው፤ ኤልሲዲው ኃይሉ ስላልተቋረጠ በነበረበት ሁኔታ ይቆያል። በ4 ሽቦ አንድ ትእዛዝ በሁለት ግማሽ ስለሚላክ፣ ቺፑ ሁለተኛውን ግማሽ እየጠበቀ ሳለ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሊጀምር ይችላል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው 0011 የተንጠለጠለውን ትእዛዝ ይዘጋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተገጣጥመው ቺፑን ወደ 8 ሽቦ አሠራር የሚመልስ ሙሉ ትእዛዝ ይሆናሉ። ቺፑ አስቀድሞ በ8 ሽቦ ላይ ከነበረ ሦስቱም ያንኑ ትእዛዝ ይደግማሉ እንጂ ጉዳት የለባቸውም። በየትኛውም ሁኔታ ቢገኝ ከሦስተኛው በኋላ ያለበት ቦታ አንድ ነው። እኔ ያስቀረሁት ይህንን ዋስትና ነበር፤ ይህን የተረዳሁበትን ምሽት እስካሁን በደስታ አስታውሰዋለሁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ፍጥነትን የሚመለከት ነው። የአርዱዪኖው መደበኛ የፒን ትእዛዝ ቀርፋፋ ስለሆነ ችግር አይፈጥርም፤ እኔ ግን በአርዱዪኖው ቺፕ ፖርት (ፒኖቹን በሚቆጣጠረው ክፍል) ላይ በቀጥታ መጻፍ ጀመርኩ። በ16 ሜጋኸርትዝ አንዱ የሰዓት ምት 62.5 ናኖሴኮንድ ነው፤ የኢ ፒንን ከፍ አድርጎ ወዲያው ዝቅ ማድረግ ሁለት ምት ስለሚወስድ ከፍ ብሎ የሚቆየው 125 ናኖሴኮንድ ብቻ ነው። የጊዜ ሰንጠረዡ በ5 ቮልት ቢያንስ 230 ናኖሴኮንድ ይጠይቃል። ያንን ገጽ ለባለሙያዎች የተጻፈ ነው ብዬ አልፌው ስለነበር ችግሩ የሽቦ መስሎኝ ሽቦዎቹን ሁሉ ነቅዬ እንደገና ሰካሁ። መፍትሔው በመካከል ምንም የማይሠሩ ሁለት ምቶች ጨምሮ 250 ማድረስ ነበር። ሁለት ተከታታይ የኢ ምቶች ከመነሻ እስከ መነሻ ቢያንስ 500 ናኖሴኮንድ ሊራራቁ እንደሚገባም እዚያው ሰንጠረዥ ላይ አለ።

የማንበቢያውን ፒን ከመሬት ጋር ስላገናኘሁት ቺፑ ሥራ ላይ መሆኑን መጠየቅ አልችልም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ትእዛዞች 37 ማይክሮሴኮንድ፣ ጠቋሚውን ወደ መነሻው መመለስ ደግሞ 1.52 ሚሊሴኮንድ እንደሚፈጁ ተጽፏል። ከሰንጠረዡ ግርጌ ግን ቁጥሮቹ የተሰሉት የቺፑ የውስጥ ሰዓት በ270 ኪሎኸርትዝ ሲሠራ እንደሆነና በ250 ላይ 37ቱ 40 እንደሚሆን ይገልጻል፤ ስለዚህ ልኩን ሳይሆን ሰፋ ያለ ጊዜ መስጠት ይገባል። ሁለተኛው መስመርም ከአድራሻ 16 አይጀምርም፤ የመጀመሪያው ከ0 እስከ 39፣ ሁለተኛው ከ64 እስከ 103 ይይዛሉ። አሥራ ሰባተኛው ፊደሌ የጠፋው ለዚህ ነው፤ ተጽፏል፣ ግን በማይታየው ክፍል ውስጥ ነው።

እጅግ የጓጓሁለት ግን አማርኛ መጻፍ ነበር። የግእዝ ፊደል በቺፑ ውስጥ የለም፤ ያለው 64 ባይት ባዶ ቦታ ሲሆን፣ በ5 በ8 ነጥብ ስምንት ፊደል ያስሥላል። «ሙቀት» እና «እርጥበት» ለመጻፍ ት ለሁለቱም ስለሚያገለግል ሰባት ፊደል ይበቃል ብዬ አሰላሁ። «በ» ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ አግድም ረድፍ አምስት ነጥቦችን ይወክላል፦ አንድ ሙሉ መስመር 31፣ ከሥሩ ስድስት ጊዜ 17፣ መጨረሻ 0። ቀም በ4፣ 14፣ 21፣ 21፣ 14፣ 4፣ 4፣ 0 ጥሩ ሆኖ ወጣ። ሙ ግን አስቸገረኝ፤ ሁለቱ ክቦች መካከለኛውን ዓምድ እየተጋሩም አምስቱንም ዓምዶች ስለሚሞሉ በቀኝ በኩል ለሚወጣው ቅጥያ ቦታ አልተረፈም። ስምንተኛውን ቦታ ለቅጥያው ሰጠሁት፤ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ያለችው ክፍተት ትንሽ ብትታይም ሲነበብ ሙ ነው። የዲግሪ ምልክቱን ከቺፑ ውስጥ ካለው ከኮድ 223 ወሰድኩ፤ ስምንቱም ቦታ ሞላ፣ ሁለቱም ቃላት በማሳያው ላይ ቆሙ።