እንጨቱን አውቀዋለሁ፣ ዛፉን ግን

መጀመሪያ የተቆጨሁት ስልካችንን ሰብስበው በጨርቅ ከረጢት ሲያስሩት ነው። 1,500 ብር ከፍዬ፣ ቅዳሜን ያህል ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ፣ በጥቅምት ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ የመጣሁት በእግሬ ለመሄድ ነው። ያውም ዝም ብዬ። በእግር መሄድ ከሆነ ታክሲ በጠፋ ቁጥር ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች በነጻ እሄዳለሁ።

የቢሮ ጓደኛዬ ናት የጎተተችኝ። «መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ነው፣ ከተፈጥሮ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ከሰው ጋር እንኳን አልገናኝም።

አስተባባሪዋ ወጣት ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ። ነገሩ ከጃፓን የመጣ መሆኑን አስረዳችን። በ1982 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የደን መሥሪያ ቤት «ሽንሪን ዮኩ» የሚል ስም አወጣለት፤ ደን መታጠብ እንደ ማለት ነው። ከኋላዬ የቆሙ አንድ ጎልማሳ «እኛ የምንታጠበው ጠበል ነው» አሉና ሁላችንንም አሳቁን። ዝምታው በሳቅ ተጀመረ።

መናገሻ ሱባ ለማታውቁት፦ በጅማ መንገድ ሰበታ ደርሳችሁ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚወጣውን ኮረኮንች መያዝ ነው። ወጨጫ ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ፣ አሁን የበረደ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ደኑ ጎኑ ላይ ተለጥፎ ይታያል። እዚያ እስክትደርሱ ግን ግራ ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። በ1880ዎቹ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ማገዶ ጨርሳ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡበት ዘመን አካባቢ ነው የገባው። ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የቤት ኪራይ የምከፍለው አዲስ ዓለም ነበር ማለት ነው።

ከባሕር ዛፉ ወጥቶ ወደ ጥንቱ ደን መግባት በር አልፎ ቤት እንደ መግባት ነው። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ብርዱ ይለወጣል፣ እግር የሚረግጠው መሬት ይለሰልሳል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት) በሰሜን ሸዋ ካለው ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ንጉሥ ያስተከለው ደን ሲባል እኔ በሰልፍ የቆመ ጠብቄ ነበር። ሰልፍ የለውም። አንዱ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፣ አንዱ ወድቆ በላዩ ሽበት በቅሎበታል፣ አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ተደግፏል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ «አንድ ዛፍ ምረጡና ከሥሩ 20 ደቂቃ ቁጭ በሉ» የሚል ነበር። ወፍራም መረጥኩ፣ እንድደገፍበት። አምስቱን ደቂቃ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሪፖርት ሳሰላ አለቀ። ከዚያ አንድ ሽታ መጣብኝ። የማውቀው ሽታ ነው፣ ግን ከየት? ቅርፊቱ በቁመቱ እየተላጠ እንደ ክር ይንጠለጠላል። አንዷን ልጣጭ ይዤ አሸተትኩ። መቅረጫ! አንደኛ ክፍል፣ እርሳስ ቀርጬ ፍርፋሪውን ኪሴ ውስጥ የምደብቀው ነገር። የተደገፍኩት ጽድ ነበር፣ እርሳስ የሚሠራበት እንጨት። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል ትስቁብኛላችሁ፣ ስለዚህ አልልም።

ከዚያ ስነሳ መሬት ተደግፌ እጄን ሳማ ላይ አሳረፍኩት። የዝምታ ጉዞ መሆኑን ረስቼ ጮህኩ።

የጮህኩት ጠቀመኝ። ከፊት ሲመሩን የነበሩት የደን ጠባቂ ተመልሰው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ዱላ የያዙ፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ያጣፉ። «አይዞሽ ልጄ፣ አትከኪው» ብለው ቅጠል አሽተው እጄ ላይ ለጠፉልኝ። ቅጠሉ ይሁን «አይዞሽ» ያሉኝ፣ በረደልኝ። ከዚያ በኋላ ሰልፉን ትቼ ከሳቸው ጎን መሄድ ጀመርኩ። አስተባባሪዋ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» እላለሁ። እሳቸው በሁለት ቋንቋ ይመልሱልኛል፣ በኦሮምኛ ቀድመው። ጽድ ጋቲራ ነው። ወይራ ኤጀርሳ። ኮሶ ሄጦ። ዝግባ ቢርቢርሳ። እዚህ ላይ ቆምኩ። ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ ድሮ ቢርቢርሳ ይባል እንደነበር አንብቤአለሁ፤ ዝግባ ማለት መሆኑን ግን እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ፒያሳ የዝግባ አገር ነበረች! እኔ ራሴ የምኖረው ወይራ ሰፈር ነው። በሰፈራችን ወይራ አይቼ አላውቅም፤ ከምኒባሱ ረዳት አፍ ብቻ ነው የምሰማው።

እንግዲህ ያን ቀን የገባኝ ይሄ ነው፦ እንጨቱን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ዛፉን አላውቀውም። ወይራን እናቴ የጠላ ጋን ስታጥንበት፣ አጎቴ ሲፋቅበት አውቀዋለሁ። ጽድን የአጥር ቋሚ ሆኖ፣ ገና ሲደርስ ደግሞ መብራት ተጠምጥሞበት። ዝግባን ሳንቃ ሆኖ፣ ቀጥ ያለ ጎልማሳ ሲያልፍም «ዝግባ የመሰለ» ሲሉት። ኮሶን በሰው ፊት ላይ ነው የማውቀው፦ አያቴ የተኮሳተረ ሰው ስታይ «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» ትላለች። አራቱም በሕይወታቸው ፊት ለፊቴ ቆመው እኔ «ይሄ ምንድን ነው?» እላለሁ።

ኮሶው በተለይ አሳፈረኝ። ቅጠሉ ውብ ነው፣ ግንዱ ቀላ ያለ፣ እየተላጠ የሚወርድ። ሽማግሌው ወንድና ሴት እንዳለው ነገሩኝ። የሴቷ አበባ ነው እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ የሚቀላው፣ ለመድኃኒትነት የሚፈለገውም እሱ ነው። ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ያገራችን ሰው ድሮ በየሁለት ወሩ እየተጠየፈ ይጠጣው የነበረው ነገር እንዲህ ያለ ቆንጆ ዛፍ ላይ ይበቅላል ብሎ ማን ይገምታል?

ጉሬዛዎቹን ያየነው ረፋድ ላይ ነው። ከዝግባ ወደ ዝግባ ሲዘሉ ነጩ ጭራቸው ከኋላ ይከተላቸዋል፣ ለቅሶ ቤት ነጠላ እንደሚወረውር ሰው። አውራ ጣት የላቸውም፣ ቅርንጫፉን በአራት ጣት ነው የሚይዙት። ሳይንቲስቶቹም በላቲኑ ስማቸው ውስጥ «ጉሬዛ»ን እንዳለ ወስደውታል፤ ይሄን አስተባባሪዋ ስትነግረን እንደ ራሴ ልጅ ኮራሁባቸው። የምኒልክ ድኩላም አየን፣ አንድ ጥቁር ወንድ። ሁለት ደቂቃ ያህል ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ከዚያ እንደ ውሻ አንዴ ጮኾ ጠፋ። ስልኬ ኪሴ ቢኖር ኖሮ ስፈልገው ያመልጠኝ ነበር። ከረጢቷን በዚህ ይቅር አልኳት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ወደ ታች ስንመለስ፣ ከደኑ ጫፍ ላይ፣ ጀርባቸው ላይ ማገዶ የተሸከሙ ሦስት ሴቶች አጋጠሙን። ጎንበስ ብለው፣ ከሸክሙ ሥር እግራቸው ብቻ እየታየ። መንገዱ ጠባብ ነበርና ዳር ይዘን አሳለፍናቸው። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን፣ እጃችንን ግንድ ላይ አድርገን «እንዲሰማን» ስንሞክር ቆይተናል። አንደኛዋ ቀና ብላ ሽማግሌውን በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም መለሱላት፣ ሳቀች። «ምን አለችዎ?» አልኳቸው። «እነዚህ ምን ጠፍቷቸው ነው አለችኝ።» «እርስዎስ ምን አሏት?» «ምንም አልጠፋቸውም፣ ከፍለው ነው አልኳት።»

ጫፍ አልወጣንም። ከላይ አስታ እና ጅብራ የሚባሉ የደጋ ተክሎች ብቻ የሚበቅሉበት አለ አሉ፤ ለዚያ ሌላ ቀን፣ ሌላ ጫማም ያስፈልገኛል። መጨረሻ ላይ ክብ ሠርተን ተቀምጠን በየተራ «ምን ተሰማችሁ» ተባልን። አንዱ ሰላም አለ፣ አንዷ ምስጋና። የእኔ ተራ ሲደርስ «እርሳስ» አልኩ። ማንም አልገባውም፤ ጓደኛዬ በክርኗ ነካችኝ።

ቤት ስገባ እናቴ መደብ ላይ ቡና እየቆላች ነበር። እጄ ላይ ያለውን እብጠት አይታ «ምን ነካሽ?» አለች። «ሳማ።» «ስንት ከፍለሽ?» ነገርኳት። ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችው።

«ሳማ እኮ ከቤታችን ጀርባ አለ» አለች።

አብሬያት ሄጄ ጀርባውን አየሁ። እውነትም አለ። ከሳማው ጀርባ፣ ከጎረቤት አጥር ሥር ደግሞ፣ ቁመቷ ከጉልበቴ የማትበልጥ፣ ቅጠሏ ከላይ አረንጓዴ ከሥር ነጣ ያለ ችግኝ ቆማለች። «እማዬ፣ ይቺ ወይራ አይደለችም እንዴ?» አልኳት። ጎንበስ ብላ ቅጠሏን በጣቷ ገልብጣ አየች።

«ናት» አለች። «ለጎረቤት እንዳትነግሪ፣ መፋቂያ ያደርጋታል።»