ፍሬ የምትበላና ከፀሐይ ምግብ የምትሠራ የወንዝ እንስሳ እንዴት እንደፈጠርኩ

ለምለሚት በምናቤ የፈጠርኳት እንስሳ ናት፤ ቤቷም ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጨሞጋ ወንዝ ነው። ከስዕሉ በፊት ሂሳቡን ሠራሁ። ክብደቷ 100 ግራም፣ ርዝመቷ 20፣ ስፋቷ 8 ሴንቲ ሜትር፤ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ናት። በጠራ ቀን ጀርባዋ ላይ ወደ 320 ኪሎጁል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ቆዳዋ ውስጥ የሚኖረው አልጌ (ከብርሃን ምግብ የሚሠራ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረት) በብርሃን አስተጻምሮ 1 በመቶውን ቢይዝላት 3 ኪሎጁል ያህል ታገኛለች። ያን ያህል የሚመዝን ደመ ሞቃት እንስሳ ተኝቶ እንኳ በቀን 50 ኪሎጁል ገደማ ያቃጥላል፤ በ10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለች እንቁራሪት ግን 2 ኪሎጁል አካባቢ ይበቃታል። ስለዚህ ደመ ቀዝቃዛ አደረግኳት። አረንጓዴ ጥንቸል የሚስሉ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

የደጋ ፀሐይና ብርድ ሲገናኙ ሌላ ጣጣ ያመጣሉ። ብርዱ ስኳር የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያዘገያል፤ ክሎሮፊል ግን ብርሃን መቀበሉን አያቆምም፣ ትርፉም ኃይል ሴሉን ይጎዳል። በበረዶ ላይ የሚበቅል አልጌ ቀይ ቀለም ይዞ ራሱን ይከላከላል። እኔም ለምለሚትን ከአረንጓዴው በላይ ስስ ቀይ ሽፋን አለበስኳት፤ እኩለ ቀን ላይም ድንጋይ ሥር ትገባለች።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ምግቧ ነው። ቀጋና እንጆሪ ስኳር ይሰጣሉ፤ ቆዳዋ ውስጥ ያለው አልጌም የሚሰጠው ስኳር ነው። ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ሲሞሉ የፕሮቲኑ ባዶ ይቀራል። እዚህ ላይ አልጌው የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፦ የሰውነቷን ቆሻሻ አሞኒያ ወስዶ ፕሮቲን ወደሚሠራበት አሚኖ አሲድ ይመልስላታል። ያለውን ያዞራል እንጂ ለፕሮቲን የሚያስፈልግ አዲስ ናይትሮጅን ግን አይጨምርም። አዲሱን የምታገኘው እንቁላል ከመያዟ በፊት ወደ ታች ወርዳ ሾላ ስትበላ ነው። ሾላ ሲፈለጥ ውስጡ ጥቃቅን ተርቦች ይታያሉ፤ ሥጋዋ እነሱ ናቸው። ፍሬውን የምታላምጥበት ምላስ ሻካራ መሆን አለበት፣ ጥርስ አያስፈልጋትም።

ክረምት ሲገባ ወንዙ አፈር ለብሶ ይደፈርሳል፣ ብርሃን ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በታች አይዘልቅም። በበጋ ጅራቷ ላይ ያጠራቀመችውን ስብ ይዛ ዳርቻው ላይ ሥር ሥሩን ትደበቃለች። አልጌው በጨለማ ሲሳሳ አብዛኛውን ትፈጫለች፤ ዘር የሚሆነውን በብብቷ እጥፋት ታስቀራለች። ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጠራ እንቁላሏን እዚያው እጥፋት ላይ አሽታ በድንጋይ ላይ ትለጥፋለች፣ ጫጩቶቿም አረንጓዴ ሆነው ይፈለፈላሉ።